ከሊፍት ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለስድስት ዓመት ሲዘር ሊፍት ላይ ቆሜ ኮርኒስ ውስጥ የእሳት ማንቂያ ሽቦ ስዘረጋ ኖሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተጎዱ ወገኖቼን ይዤ ክሊኒክና ችሎት እመላለሳለሁ፣ አስተረጉማለሁ። ከአሌክሳንድሪያም ይደወል ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምጠየቀው ያው ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ጠበቃ አይደለሁም። የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ጠበቃ ሊያየው ይገባል።

"ሊፍት" የሚባለው የትኛው ነው?

የሕንፃውን አሳንሰር ማለቴ አይደለም። ሠራተኛ ተሳፍሮበት፣ ከፍ ብሎ የሚሠራበትን ማሽን ነው። እንደ መቀስ እየተከፈተ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሲዘር ሊፍት ይባላል፤ መጋዘን፣ ሆቴልና ቢሮ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። ክንድ ኖሮት ወደ ጎንም የሚዘረጋው ቡም ሊፍት ነው፤ ቼሪ ፒከርም ይሉታል። መኪና ላይ የተተከለው፣ የመብራትና የስልክ ሠራተኞች የሚወጡበት ደግሞ ባኬት ትራክ ነው።

አደጋ ስታስመዘግቡ ማሽኑን በስሙ ጥሩት። "ሊፍት ላይ ነበርኩ" ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት፣ ሰውየው አሳንሰር ውስጥ እንደተጎዳ ተደርጎ ሲነበብ አጋጥሞኛል። ያንን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀ።

አደጋው መውደቅ ብቻ ነው?

አይደለም። ብዙዎቻችን የምንፈራው መውደቅን ስለሆነ ሌላው ሳናስበው ይደርስብናል።

ቡም ሊፍት ላይ ትልቁ ስጋት መወርወር ነው። ክንዱ ተዘርግቶ ሳለ ታች ያለው ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቢወርድ፣ መሬት ላይ ስንዝር የማትሞላው ንቅናቄ ጫፉ ላይ ስትደርስ ቅርጫቱን ወንጭፍ ታደርገዋለች። ያልታሰረ ሰው ከቅርጫቱ ይወጣል። ከዚህ ሌላ መገልበጥ አለ፤ ማሽኑ ከነሰዉ ይወድቃል። ተዳፋት ላይ መቆም፣ ከተፈቀደው ክብደት በላይ መጫን፣ ለስላሳ አፈር ላይ መደገፊያ እግሮቹን ያለ ጣውላ መዘርጋት ምክንያቶቹ ናቸው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ግን መጨፍለቅ ነው። ሰውየው ዓይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ ማሽኑን ሲያስወጣ ጀርባው ወይም አንገቱ ከኮርኒሱ አግዳሚ ብረት ጋር ይገናኛል። ሰውነቱ መቆጣጠሪያው ላይ ይደፋል፤ እጀታውን በራሱ ክብደት በተጫነው መጠን ማሽኑ ይበልጥ ወደ ብረቱ ያስጠጋዋል። ደረቱ ስለተያዘ መጮህ አይችልም። ያኔ የሚያድነው መሬት ላይ ያለ ሰው ነው። ማሽኑ ከታችም የሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ አለው፤ ሲዘር ሊፍት ደግሞ ባትሪው ቢሞት እንኳ በእጅ የሚወርድበት እጀታ አለው። እኔ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ትከሻዬ ከብረት ቱቦ ጋር ሲያዝ፣ ጓደኛዬ ያንን እጀታ ፍለጋ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። ያቺን ጊዜ አልረሳትም። ጠዋት ሳትወጡ በፊት እጀታው የት እንዳለ አብሯችሁ ለሚውለው ሰው አሳዩት፤ በእጁ ይንካው።

ኤሌክትሪክም አለ። ኃይለኛ መስመር ሳይነካም ዘሎ ይይዛል፤ ስለዚህ እስከ 50 ኪሎቮልት ከሚሸከም ሽቦ ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ኃይሉ ከዚያ ከበለጠ ርቀቱም ይጨምራል። ማሽኑ ሽቦ ከነካ መሬት ላይ ያላችሁ ሰዎች ወደ እሱ አትሩጡ። መኪናውን የነካ ይሞታል። ራቁ፣ 911 ደውሉ፣ መስመሩ መዘጋቱ እስኪረጋገጥ ጠብቁ። ጓደኛ ላይ ቆሞ ማየት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ሁለት ቤተሰብ አንድ ቀን ማቅ የሚለብሰው እንዲህ ነው።

በ1990ዎቹ በተሰበሰበ መረጃ በአሜሪካ የግንባታ ሥራ ብቻ በዓመት በአማካይ 26 ያህል ሰው በእነዚህ ማሽኖች ሞቷል፤ ከግማሽ በላዩ ክንድ ባላቸው ላይ ነው።

ሃርነስ መልበስ ግዴታ ነው?

ሃርነስ ማለት ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን አቅፎ የሚታጠቅ፣ በገመድ ከማሽኑ ጋር የሚታሰር የደህንነት መታጠቂያ ነው። ቡም ሊፍትና ባኬት ትራክ ላይ አዎ፣ ግዴታ ነው። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ገመዱ ከክንዱ ወይም ከቅርጫቱ ጋር እንዲታሰር ያዛል። አጠገብ ካለ ምሰሶ ወይም ሕንፃ ጋር ማሰር ክልክል ነው፤ ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ ከቅርጫቱ ጎትቶ ያወጣችኋል። ሲዘር ሊፍትን ኦሻ የሚያየው እንደ ተንቀሳቃሽ ስካፎልድ (ሠራተኛ የሚቆምበት መወጣጫ) ስለሆነ አጥሩ ሙሉ ከሆነና በሩ ከተዘጋ በቂ ነው። አምራቹ ወይም አሠሪው ሃርነስ ካዘዘ ግን መልበስ አለባችሁ።

አጥሩ ላይ መቆም ወይም ውስጡ መሰላል ማቆም በየትኛውም ላይ አይፈቀድም። ኮርኒሱ አንድ ክንድ ሲቀረው ምን ያህል እንደሚያጓጓ አይጠፋኝም። ወርዳችሁ ማሽኑን አስጠጉት።

አንድ ሰው ወድቆ በሃርነሱ ተንጠልጥሎ ቢቀር?

ቶሎ አውርዱት። ሳይንቀሳቀስ በተንጠለጠለ ሰው እግር ውስጥ ደም ይጠራቀማል፤ 30 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ራስን ስቶ ሊሞት እንደሚችል ኦሻ አስጠንቅቋል። እስኪወርድ ድረስ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ፣ የሚረግጠው ነገር ካገኘ እንዲረግጥ ንገሩት። ቶሎ የሚያወርድበትን ዝግጅት ቀድሞ ማሰናዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። በእግሩ ቢሄድም ሆስፒታል መታየት አለበት።

ነፋስ ሲነሳ አልወጣም ማለት እችላለሁ?

በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ውጭ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ብዙ ሲዘር ሊፍቶች ወሰናቸው በሰዓት 28 ማይል ነው። ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠሩት ነፋስ ባለበት ጨርሶ አይወጣባቸውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 በኢንዲያና፣ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድኑን ልምምድ ሲቀርጽ የነበረ የ20 ዓመት ተማሪ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ50 ማይል በላይ እየነፈሰ የቆመበት ሲዘር ሊፍት ተገልብጦ ሞተ። የግዛቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ዩኒቨርሲቲውን 77,500 ዶላር ቀጣ። ልጁ የተሰጠውን ሥራ ነበር የሚሠራው።

እምቢ የማለት መብት አለ፣ ግን ጠባብ ነው። አደጋው ለሕይወት የሚያሰጋና አፍጥጦ የመጣ መሆን አለበት፤ አስተካክሉልኝ ብላችሁ ጠይቃችሁ እምቢ የተባላችሁ መሆን አለባችሁ፤ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜም የሌለ መሆን አለበት። ጥላችሁ አትሂዱ። "ይህ ሲስተካከል እሠራለሁ፣ እስከዚያ ሌላ ሥራ ስጡኝ" በሉና እዚያው ቆዩ። አጭር የስልክ መልእክት ላኩ፣ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሳይገባኝ ፈርሜአለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው?

ኦሻ በ2010 በግልጽ እንዳስቀመጠው አሠሪ ሥልጠናውን ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና አቀራረብ መስጠት አለበት። የሥራ ትእዛዙን በአማርኛ በሚያስረዳ ሰው በኩል የሚያስተላልፍ አሠሪ፣ ሥልጠናውንም በዚያው መንገድ መስጠት ይጠበቅበታል። ፊርማችሁ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። "አልገባኝም" ያላችሁበት ቀን፣ አብረዋችሁ የሠለጠኑ ሰዎች፣ ቪዲዮ ብቻ አሳይተዋችሁ እንደሆነ፣ እነዚህን ሳይረሱ ጻፏቸው።

አደጋው እንደደረሰ ምን ላድርግ?

ከዚህ ገጽ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

"ደህና ነኝ" አትበሉ። ያደግንበት ነው፤ ሰው ሲወድቅ አቧራውን አራግፎ "ምንም አልሆንኩም" ይላል፣ እንኳን ለፈረንጅ ሱፐርቫይዘር ለእናቱም አይናገርም። እዚህ አገር ግን ያቺ ቃል ወዲያው ወረቀት ላይ ትገባለች። "ሠራተኛው መጎዳቱን አልገለጸም" ተብሎ ይጻፋል። ከሦስት ቀን በኋላ ወገባችሁ አልዘረጋ ሲል ኢንሹራንሱ የሚያወጣው ያንን ወረቀት ነው። ክሊኒክም እንዲሁ ነው። ነርሷ "እንዴት ነህ?" ስትል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" እንላለን። ለኛ ሰላምታ ነው። እሷ ግን ሕመምተኛው ደህንነት እንደሚሰማው ጽፋ ታልፋለች። አንድ አባት፣ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ሦስት ጊዜ ሲያመሰግን ሰምቼ አስተርጓሚነቴን ትቼ በአማርኛ ተቆጣሁት። "ጋሼ፣ ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን ያቆዩት፤ እዚህ የሚያምዎትን ይናገሩ" አልኩት። ይህን የምናገረው እምነቱን ለመንካት አይደለም።

ስለዚህ፦ ያመማችሁን ቦታ ሁሉ፣ ትንሽ የመሰላችሁንም ተናገሩ። ዋናው ጉዳት እግር ቢሆንም አንገቱ ከደነዘዘ አንገቱም ይጻፍ። በኋላ የሚጨመር የአካል ክፍል ለማስረዳት ይቸግራል።

ለሱፐርቫይዘሩ በዚያው ቀን ንገሩና በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ድገሙት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማሽን፣ ምን እንደሆነ። ሰባራ እንግሊዝኛ ይበቃል። የማሽኑን መለያ ቁጥርና የአከራዩን ስም የያዘውን ምልክት ፎቶ አንሱ፤ የመሬቱን ሁኔታ፣ የአጥሩን በር፣ የተሰበረውንም። ማሽኑ በማግስቱ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሄዳል። ያዩትን ሰዎች ስልክ ያዙ። እናንተ ካልቻላችሁ ጓደኛችሁ ያድርግላችሁ።

ጥፋቱ የኔ ቢሆንም ካሣ አገኛለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ወርከርስ ኮምፐንሴሽን፣ ማለትም ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሣ፣ የጥፋተኝነት ክርክር አይደለም፤ ሥራ ላይ መጎዳታችሁ ይበቃል። የሚያሰጋው ሆን ብሎ ደንብ መጣስ ነው። በተለይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ደንቡን እያወቀ ሃርነሱን ሆን ብሎ ያልለበሰ ሠራተኛ ካሣ ሊከለከል ይችላል። ማስረዳት ያለበት ግን አሠሪው ነው፤ ሃርነስ ሳይሰጥ "አልለበሰም" ቢል፣ ወይም ሁሉም ሳይለብስ ሲሠራ እያየ ዝም ብሎ ቢኖር፣ ክርክሩ አይጸናም።

ስንት ጊዜ አለኝ?

እዚህ ላይ ሦስቱ ይለያያሉ፣ ወሳኙም የተጎዳችሁበት ቦታ ሕግ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ቨርጂኒያ፦ ለአሠሪ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ለኮሚሽኑ (የሠራተኛ ካሣ ጉዳይን ለሚወስነው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) በ2 ዓመት ውስጥ ማመልከት። ሜሪላንድ፦ ለአሠሪ በ10 ቀን፣ ለኮሚሽኑ በ60 ቀን፤ 2 ዓመት ካለፈ ጨርሶ ይዘጋል። ዲሲ፦ ለአሠሪ በ30 ቀን፣ ማመልከቻው በ1 ዓመት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። አሠሪው ሪፖርት አደረገ፣ ኢንሹራንሱ የክሊኒኩን ሒሳብ ከፈለ፣ ስለዚህ አልቋል ይላል። አላለቀም። ማመልከቻውን ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ በመልካም ሁኔታ ሲታከም ቆይቶ፣ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ጊዜህ አልፏል የተባለ ወንድም አውቃለሁ።

ምን ያህል ይከፈለኛል? ሐኪሙንስ ማን ይመርጣል?

ሕክምናው ሙሉ በሙሉ። መሥራት ያልቻላችሁበት ጊዜ ደግሞ በሦስቱም የአማካይ ሳምንታዊ ደመወዛችሁ ሁለት ሦስተኛ፣ በየዓመቱ እስከሚወሰነው ጣሪያ ድረስ፤ ግብር አይቆረጥበትም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት (ሜሪላንድና ዲሲ 3፣ ቨርጂኒያ 7) የሚከፈሉት ጉዳቱ ከረዘመ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የደመወዝ ምትኩ ከ500 ሳምንት አያልፍም፤ ከዚያ የሚያልፈው እንደ ሁለት እግር ማጣት ላሉ በጣም ከባድ ጉዳቶች ነው። አማካዩ ሲሰላ ኦቨርታይማችሁ መግባቱን ከክፍያ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ።

ሐኪም፦ ድንገተኛ ከሆነ የትም ሂዱ። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ይሰጥና ከነሱ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ዝርዝር ካልሰጠ ምርጫው የናንተ ይሆናል። አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ "እዚህ ሂድ" ማለት ዝርዝር አይባልም።

በ1099 ነው የምከፈለው። ወረቀትም የለኝም። መብት አለኝ?

1099 ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጥ የገቢ ወረቀት ነው። መሰጠቱ ብቻውን ራስ ገዝ ተቋራጭ አያደርጋችሁም። ሰዓታችሁን የሚወስነው ማን ነው? ሊፍቱስ የማን ነው? ምን እንደምትሠሩ በየጠዋቱ የሚነግራችሁ ካለ፣ እንደ ተቀጣሪ ልትቆጠሩ ትችላላችሁ። በጥሬ ገንዘብ መከፈልም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግዴታው 3 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው የሚይዘው፤ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ አንድም ሠራተኛ ይበቃል።

የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ አለመኖር በሦስቱም ቦታ ከሕጉ አያስወጣም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ ስብራታቸውን በቤት ውስጥ በጨርቅ አስረው የተኙ ልጆች ስላየሁ ነው።

ካመለከትኩ ያባርሩኛል?

በዚህ ምክንያት ማባረር ሕገ ወጥ ነው፣ ይደረጋል ግን። ስለ ደህንነት ቅሬታ በማቅረባችሁ ከተበቀሏችሁ ለኦሻ የምታመለክቱበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ወር "እስኪ ይቅር ይሉኝ ይሆናል" ብሎ ማለፍ በቂ ነው መብቱን ለማጣት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የራሳቸው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት አላቸው፤ ዲሲን የሚመለከተው የፌዴራሉ ነው። በየትኛው እንደሆነ ካልለየላችሁ 1-800-321-6742 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ስሜ አይገለጽ ማለትም ትችላላችሁ።

አሠሪ ራሱም ግዴታ አለበት፦ ሰው ከሞተ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ተኝቶ ለመታከም ከገባ፣ አካል ከተቆረጠ ወይም ዓይን ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኦሻ ማሳወቅ።

ከአሠሪዬ ሌላ የሚጠየቅ አለ?

ሊኖር ይችላል። ሊፍት አብዛኛውን ጊዜ ኪራይ ነው። ፍሬኑ የማይዝ ማሽን ያከራየ፣ የተበላሸ ዕቃ ያመረተ፣ ወይም ከሌላ ኩባንያ መጥቶ በፎርክሊፍት የገጫችሁ ሰው በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪን ራሱን ግን ከወርከርስ ኮምፐንሴሽን ውጭ መክሰስ ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋናው ተቋራጭም በአብዛኛው በዚሁ ይሸፈናል። የክስ ጊዜው ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው።

በዚህ መንገድ ግን ጥፋት ይቆጠራል፣ ያውም በጭካኔ፦ በሦስቱም ቦታ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረጋችሁ ሁሉንም ልታጡ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው የማሽኑን ፎቶና መለያ ቁጥር የምወተውተው።

ኢንሹራንሱ ደውሎ ድምፄን ልቅረጽ ይለኛል። ልፍቀድ?

በመጀመሪያው ቀን፣ በሕመም ማስታገሻ ደንዝዛችሁ፣ ያለ አስተርጓሚ አትስጡ። "በአማርኛ አስተርጓሚና ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ" በሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የጠበቃውን ክፍያ ኮሚሽኑ ነው የሚያጸድቀው፤ ቅድሚያ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ሌላ ፈልጉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የ12 ዓመት ልጅ የአባቱን ሕመም ለኢንሹራንስ ሠራተኛ ሲቀንስ ሰምቻለሁ፤ አባቱ እንዳይከፋው ብሎ።

ባለቤቴ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ነው። እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ለአሠሪው እናንተው አሳውቁ፣ በጽሑፍ። ስልኩን፣ የሥራ ልብሱን፣ ጫማውንና ሃርነሱን ከሆስፒታል ተረከቡና ሳታጥቡ በላስቲክ አስቀምጡ። የተበጠሰ ገመድ ካለ አሠሪው "ለምርመራ ስጡኝ" ሊል ይችላል፤ ጠበቃ ሳያይ አትስጡ። የክፍያ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል የግል ኢንሹራንሱን ሲጠይቃችሁ ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ መሆኑን ንገሯቸው፤ እንዲጻፍም አድርጉ። አብሮት የሠራ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ምን እንዳየ እዚያው ጠይቁት፣ ስልኩንም ተቀበሉ።